የሚያነክስ የጥበቃ ውሻ፦ ከቀዶ ሕክምናው የሚቀድመው ሥራ

ለበረት ጥበቃ የተገዛ ቡችላ ስድስትና ሰባት ወር ሲሞላው የፊት እግሩን ማነከስ ቢጀምር ብዙ ባለቤቶች «ወድቆ ይሆናል፣ ይሻለዋል» ብለው ያልፉታል። ውሻው እንደ ጀርመን ሸፐርድ፣ ሮትዋይለር ወይም ላብራዶር ካሉ ግዙፍ ዝርያዎች ወይም ከዲቃላዎቻቸው ከሆነ ግን ጉዳዩ የክርን መገጣጠሚያ ሕመም ሊሆን ይችላል። ሕመሙ በዘር የሚተላለፍ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ምልክቱ የሚታየው ውሻው አንድ ዓመት ሳይሞላው ነው።

የውሻ ክርን ሦስት አጥንቶች የሚገናኙበት ነው። አጥንቶቹ እኩል ካላደጉ ወይም በትክክል ካልገጠሙ አንዱ ሌላውን ይጫነዋል፤ ልም አጥንቱ ይሰነጠቃል፣ ስባሪውም መገጣጠሚያው ውስጥ ይቀራል። ውሻው ከእረፍት ሲነሳ ይገትራል፣ ከሩጫ በኋላ ያነክሳል፣ እግሩን ወደ ውጭ አዙሮ ይቆማል። ሁለቱም ክርኖች በአንድነት ሲታመሙ ማነከሱ ላይታይ ይችላል፤ ውሻው አጭር እየተራመደ «ሰነፈ» ይባላል።

ቀዶ ሕክምናው አንድ ዓይነት አይደለም። የተለመደው በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ በማስገባት ወይም መገጣጠሚያውን በመክፈት ስባሪውን ማውጣት ነው። በጀርመን ሸፐርድ በብዛት እንደሚታየው ከክርኑ ኋላ ያለው የአጥንት ጫፍ እስከ አምስት ወር ሳይገጥም ከቀረ፣ በጊዜ ከተደረሰበት በብሎን ይታሰራል፤ ጫናውን ለመቀነስም ከታችኞቹ ሁለት አጥንቶች አንዱ ይቆረጣል። ጫናው በመገጣጠሚያው ውስጠኛ ጎን ሲበዛ አጥንት ቆርጦ ክብደቱን ወደ ደህናው ጎን ማዛወርም ይቻላል። መገጣጠሚያው ፈጽሞ ላለቀ ውሻ የሚቀረው ሰው ሠራሽ ክርን መተካት ወይም አጥንቶቹን አጣብቆ እንዳይታጠፉ ማድረግ ነው።

ከእነዚህ አንዱም ክርኑን እንደ አዲስ አያደርገውም። ሕመሙን ይቀንሳል፣ ለብዙ ውሾችም እፎይታ ይሰጣል፤ የመገጣጠሚያው ብግነት ግን ከቀዶ ሕክምናውም በኋላ ቀስ እያለ ይቀጥላል። ስለዚህ ወጪው የሚክሰው ቀድሞ ለተደረሰበት ውሻ ነው።

ለወረዳዎች ጥያቄው እዚህ ላይ ይነሳል። ሥራው ጥሩ ራጅ፣ ሙሉ ማደንዘዣ፣ ንጹሕ ክፍልና የአጥንት ብሎን ይጠይቃል፤ ከዚያም ውሻው ለሳምንታት ታስሮ መቆየት አለበት። የወረዳ ክሊኒክ ዋና ተግባር የከብት፣ የበግና የፍየል ክትባትና ሕክምና በመሆኑ ይህን እንዲሠራ መጠበቅ አይገባም። የሚጠበቅበት ምልክቱን ለይቶ ባለቤቱን ሳይዘገይ መምራት ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲም ሆነ በቢሾፍቱ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ባለሙያዎች አሉ፤ አገልግሎቱ መኖሩን አስቀድሞ በስልክ ማጣራት ግን የባለቤቱን የመንገድ ወጪ ያድናል።

ከሁሉ የሚረክሰው መከላከሉ ነው። ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ አንድ ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ቡድን አንድ ዓመት የሞላቸውን ውሾች ክርን በራጅ እያየ ከ0 እስከ 3 ደረጃ የሚሰጥበትን መንገድ ዘርግቷል፤ ለርቢ የሚመረጡት ክርናቸው ደህና የሆነው ናቸው። ራጅ በማይገኝበት ቦታም ቢሆን ገዢው የቡችላውን እናትና አባት ሲራመዱ ማየት ይችላል። የሚያነክስ ውሻ፣ ጠባቂነቱ የቱንም ያህል ቢወደስ፣ ለርቢ መዋል የለበትም።

ሁለተኛው መኖ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመና 48 ላብራዶሮችን ዕድሜ ልካቸውን የተከታተለ ጥናት፣ ከአቻዎቻቸው በ25 በመቶ ያነሰ የተመገቡት ወደ ሁለት ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ እንደጨመሩና የመገጣጠሚያ ሕመማቸውም እንደዘገየ አሳይቷል። ቡችላን ማወፈር ጠባቂነቱን አይጨምርም። የተመጣጠነ መኖ ለሚያገኝ ግዙፍ ቡችላ ካልሲየም መጨመር አጥንቱን ይጎዳል፤ ሥጋ ብቻ የሚበላው ደግሞ እጥረት ያገኘዋል። መጠኑን ባለሙያ ይወስነው።

ሁለት ጥንቃቄዎች አይዘነጉ። ለሰው የታዘዘ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ለውሻ መስጠት ጨጓራውንና ኩላሊቱን ሊያጠፋ ይችላል። በድንገት እግሩ የሰነፈ፣ ምራቁ የሚዝረበረብ ወይም ጠባዩ የተለወጠ ውሻ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ሊኖርበት ስለሚችል ሳይነኩት ለክሊኒኩ ማሳወቅ ይገባል።

የአገሬው ውሻ ሲያነክስ መጀመሪያ የሚፈለገው እሾህ፣ ቁስል ወይም ስብራት ነው። ከከተማ ለሚመጣው ግዙፍ ዝርያ ግን የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ የእብድ ውሻ ክትባት ለመስጠት ሲሰማራ አካሄዱንም አብሮ ቢያይ ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም። ገበሬውም ቡችላ ከመግዛቱ በፊት ወላጆቹን ካየ በኋላ ከሚመጣ ከባድ ወጪ ይድናል።