ሙቀትን የሚችል ኤንዛይምና የገለባ ሒሳብ

ከእርሻ ተረፈ ምርት ነዳጅ ማውጣት ይቻላል የሚለው ወሬ በንግድ ሰዎች ዘንድ ከተሰማ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ወሬው እውነት ነው፤ ነገር ግን እውነት የሆነ ጥበብ ሁሉ የሚያተርፍ ንግድ ነው ማለት አይደለም። ሌሎች አገሮች በብዙ ገንዘብ የገዙትን ይህን ትምህርት የኢትዮጵያ ነጋዴዎች ያለ ኪሳራ ሊማሩት ይገባል።

የጥበቡ መሠረት እንግዳ አይደለም። ጠላ ጠማቂዋ ብቅል የምትጨምረው በብቅሉ ውስጥ ያለው ኤንዛይም የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር እንዲለውጥላት ነው። የገለባና የአገዳ ስኳር ግን ሴሉሎስ በሚባል ጽኑ አካል ታስሮ፣ ሊግኒን በሚባል ሙጫ መሰል ነገር ተሸፍኖ ይገኛል። ይህን የሚፈቱት ከሻጋታ የሚወጡ የተለመዱ ኤንዛይሞች በደንብ የሚሠሩት በ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ገለባው አስቀድሞ በጋለ እንፋሎት የሚቀቀል ሲሆን፣ ኤንዛይሙን ለመቀበል መቀዝቀዝ አለበት፤ ከዚያም በኋላ ሥራው ቀናት ይፈጃል።

ስለዚህ ሊቃውንት ፊታቸውን ወደ ፍል ውኃ መለሱ። በሩሲያ አገር በካምቻትካ ከፍል ውኃ የተገኘች ካልዲሴሉሎሲረፕተር ቤስኪ የተባለች ባክቴሪያ 80 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ትኖራለች። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2013 የአሜሪካ ብሔራዊ የታዳሽ ኃይል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች፣ ሴል ኤ የተባለው የዚህች ባክቴሪያ ኤንዛይም የተለመዱት በሚደክሙበት ሙቀት ሴሉሎስን እንደሚቆርጥ አስታወቁ። ሌሎችም የኤንዛይሞችን አሚኖ አሲዶች እየለወጡ ሙቀት የመቻል ኃይላቸውን ማጠንከር ያዙ። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ በሙቀት ሥራው ይፋጠናል፣ ወፍራሙ ድፍድፍ ይቀጥናል፣ ስኳሩን የሚሻሙ ሌሎች ተሕዋስያንም ይቀንሳሉ።

እንዲህ ከሆነ ዋናው ችግር ተወገደ የሚሉ አሉ። ኤንዛይም ውድ መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን የዱፖንት ኩባንያ ታሪክ ሌላ ያስተምራል። ያኔ ራሱ ኤንዛይም ሠሪ የነበረው ይህ ኩባንያ በ2015 በአሜሪካ በአዮዋ ግዛት፣ ኔቫዳ በምትባል ከተማ፣ በዓመት 30 ሚሊዮን ጋሎን፣ ማለትም ከ113 ሚሊዮን ሊትር በላይ ኤታኖል እንዲያወጣ የታቀደ ፋብሪካ ከፈተ። ለዚህም በ30 ማይል ዙሪያ ካሉ 500 ያህል ገበሬዎች በዓመት 375,000 ቶን ደረቅ የበቆሎ አገዳ ማሰባሰብ፣ ማሰርና ማጓጓዝ ያስፈልግ ነበር። በ2017 ኩባንያው ንግዱን መተዉን አስታወቀ። ከዳው ኩባንያ ጋር የተደረገው ውሕደት ለዚህ ድርሻ ነበረው፤ ቢሆንም ኤንዛይሙን በእጁ የያዘ ኩባንያ እንኳ ንግዱን ከተወ፣ ኤንዛይም ብቻውን ትርፍ እንደማያመጣ በቂ ማስረጃ ነው።

በብራዚል ራይዜን የተባለው ኩባንያ የመረጠው ሌላ መንገድ ነው። የሸንኮራ አገዳው ጭማቂ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ባጋስ ከስኳር ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ስለሚገኝ፣ የማሰባሰቡ ወጪ በስኳሩ ላይ አስቀድሞ ተከፍሏል። ኩባንያው በ2014 ከጀመረው ፋብሪካ በኋላ በ2024 ትልቅ ፋብሪካ ጨምሮ አስመርቋል።

በኢትዮጵያም ሒሳቡ ከዚህ መጀመር አለበት። የጤፍ ገለባ ለከብት ይመገባል፣ ለቤት ግድግዳ ጭቃ ይቦካበታል፣ በገበያም ይሸጣል። ስለዚህ ገለባን በነጻ የሚገኝ ጥሬ ዕቃ የሚል ሰው ከገበሬው በሬ ጋር መሻማቱን ዘንግቷል። አስቀድሞ በአንድ ቦታ የሚከማቸው የቡና መቀሸሪያ ገለፈትና የስኳር ፋብሪካ ባጋስ የተሻለ ተስፋ አለው፤ ባጋስም ቢሆን ለፋብሪካው እንፋሎት ስለሚነድ፣ በምትኩ የሚገዛው ማገዶ በዋጋው ውስጥ መግባት ይኖርበታል።

እንዲህ ያለ መሣሪያ ለማስመጣት የሚያስብ ነጋዴ እንግዲህ አስቀድሞ ጥሬ ዕቃው ፋብሪካው በር ላይ ሲደርስ ቶኑ ስንት እንደሚያወጣ፣ ከዚያም ኤንዛይሙ በስንት ዲግሪ እንደሚሠራና ለአንድ ሊትር ኤታኖል ስንት ብር እንደሚጨምር ይጠይቅ። ሻጩ ለእነዚህ ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ ካልሰጠ ውል መፈረም አይገባም።