እጮኛዬ ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይተኛል

ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ፤ እኔ የ26 ዓመት ወጣት ስሆን ነዋሪነቴ እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ስሜና ሰፈሬ በምስጢር ይያዝልኝ። ከእጮኛዬ ጋር ከተዋወቅን አራት ዓመት ሆነን። ሰው አክባሪ፣ መጠጥ የማይቀምስ፣ በስልክና በኮምፒዩተር ጥገና ሥራው የተመሰገነ ልጅ ነው። ችግሩ አንድ ነው፤ የያዘውን አይለቅም። ከእናቱ ጋር ከሚኖርበት ቤት አንዷን ክፍል በአሮጌ ላፕቶፕ፣ በስልክ ቦርድ፣ በሃርድ ዲስክና በቻርጀር ሞልቶ ቆልፎባታል። እናቱ እንደነገሩኝ ቁልፏን በክር አድርጎ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላታል፤ ሲተኛም አያወልቃትም። እኔም ብሆን አራት ዓመት ሙሉ ከደጃፏ አላለፍኩም።

ታናሽ ወንድሜ ሥራ ልልመድ ብሎ እሱ ሱቅ ከገባ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ደመወዝ የለውም፤ የታክሲና የምሳ ብቻ ይሰጠዋል። እስካሁን የለመደው ነገር ቢኖር ካቻቢቴ ማቀበልና ስክሪን መጥረግ ነው። ቦርድ ሥራ ሲመጣ እጮኛዬ ጀርባውን ያዞርበታል፣ ወይም “ሂድ ሻይ አምጣ” ይለዋል። ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ ድሮ ያስተማረው አንድ ልጅ ፊት ለፊቱ ሱቅ ከፍቶ ደንበኞቹን እንደወሰደበት አጫወተኝና “ቴክኖሎጂ ለማንም አይሰጥም፤ እኛ የብረት ወንድማማቾች ነን” አለኝ። ለካ ይሄ ነገር ማታ ማታ ከሚጫወተው ፎልአውት ከሚባል ጌም የመጣ ኖሯል። እናቴ ጠበል ይሂድ ትላለች። ጓደኞቼ ደግሞ ንፉግ ነው፣ ተይው ይሉኛል። ሠርጋችን ከፋሲካ በኋላ ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። የጠበሉን ነገር ለእናትሽ ልተወው። ጌሙን ግን አውቀዋለሁና ከሱ ልጀምር፤ ምክንያቱም እጮኛሽ “ወንድማማች ነን” የሚላቸውን ሰዎች ጉድ ብታውቂ ግማሹ መልስ እዚያው ውስጥ አለ። ሌሎች አንባቢዎቼም “ይሄ ማኅበር ደግሞ የት ነው ያለው?” ሳይሉ አይቀሩም። የትም የለም። የፈጠራ ማኅበር ነው። ቢሆንም ሱቁ፣ ቢሮው፣ ሰፈሩ በነሱ ዓይነት ሰው የተሞላ ነው።

የመጀመሪያው ፎልአውት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ኦክቶበር 23 ቀን 2077 የኒውክሌር ጦርነት ይነሳና በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ዓለም አመድ ትሆናለች። ከዚያ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ካሊፎርኒያ ውስጥ ማሪፖሳ በሚባል የጦር ሠፈር ሮጀር ማክሰን የተባለ ሻምበል አንድ ጉድ ይደርስበታል። ሳይንቲስቶቹ ለካ በእስረኞች ላይ ሙከራ እየሠሩ ኖሯል! ወታደሮቹ አመጹ። ከዚያ ቦምቡ ወረደ፣ የሚያምጹበት መንግሥትም ጠፋ። የተረፉት ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው በረሃውን አቋርጠው ሎስት ሂልስ የሚባል ከመሬት በታች የተሠራ ምሽግ ውስጥ ገቡ። የብረት ወንድማማችነት የሚባለው ማኅበር እንዲህ ተወለደ። ዓለምን ያጠፋት ያለ ልክ የተለቀቀ ቴክኖሎጂ ነውና የተረፈውን ሰብስበን እንጠብቅ፣ ክፉ ሰው እጅ እንዳይገባ፣ አሉ። አየሽ፣ ሲጀመር ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። የሆነውን በዓይናቸው አይተዋል። እጮኛሽም ቢሆን ያስተማረው ልጅ ፊት ለፊቱ ሱቅ ሲከፍት በዓይኑ አይቷል፤ ይሄን አንርሳበት።

ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ ነው የሚገርመው። አለቃቸው “ኤልደር” ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ ሽማግሌ እንደማለት ነው። ከሱ በታች ፓላዲን፣ ናይት፣ ጸሐፍትና ጀማሪ የሚባል ማዕረግ አለ። ተዋጊዎቹ ከራስ ጥፍራቸው እስከ እግራቸው የብረት ልብስ ይለብሳሉ። ኮዴክስ የሚባል ሕግ አላቸው። አብዛኛው አባል እዚያው ተወልዶ ያደገ ነው፤ የውጭ ሰው አይቀበሉም። በ1997ቱ ጌም ተጫዋቹ ከበራቸው ቆሞ “አባል ልሁን” ብሎ ቢጠይቅ፣ በጨረር ወደተመረዘ አንድ ፍርስራሽ ሂድና ዕቃ አምጣልን ይሉታል። ይመለሳል ብለው አይደለም፤ እንዲሄድላቸው ነው! ሰውዬው ዕቃውን ይዞ ሲመጣ ዓይናቸው ፈጠጠ። “ሂድ ሻይ አምጣ” የሚባለው ወንድምሽ ትዝ አላለሽም?

የጸሐፍቱ ሥራ የድሮውን ዘመን ፕላንና መጽሐፍ መገልበጥ ነው። ይህ ሐሳብ ከጌሙ በፊት በመጽሐፍ የታየ ነው፤ ዋልተር ሚለር የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ፣ ከኒውክሌር ጦርነት በኋላ የሚኖሩ መነኮሳት የሳይንስ ወረቀቶችን ከቃጠሎ አትርፈው ይጠብቃሉ። አንዱ መነኩሴ ምን እንደሆነ የማይገባውን የኤሌክትሪክ ፕላን በወርቅ ቀለም እያስጌጠ ሲገለብጥ ዕድሜውን ይፈጃል። ሚለር ራሱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ጣይ አውሮፕላን ላይ የነበረ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1944 በጣሊያን የሞንቴ ካሲኖ ገዳም ሲደበደብ እዚያ ዘመቻ ላይ ነበር። ገዳም ያፈረሰ ሰው ስለሚጠብቁ መነኮሳት ጻፈ። (ይሄ ከጉዳያችን ትንሽ ወጣ ያለ ነው፣ ግን ሳልነግራችሁ ማለፍ አልቻልኩም።) ልዩነቱ ምን መሰለሽ? መነኮሳቱ የሚጠብቁት አንድ ቀን የሚረዳው ሰው ይመጣል ብለው ነው። የብረት ወንድማማቾች ግን የሚረዳው ሰው ሲመጣ በሩን ይዘጉበታል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ፎልአውት፦ ኒው ቬጋስ ላይ እነዚሁ ሰዎች ሂድን ቫሊ በሚባል ሸለቆ ሥር ተቀብረው እናገኛቸዋለን። አንድ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ አንለቅም ብለው ሲዋጉ ብዙ ወገን አልቆባቸው የተረፉት እዚያ ገብተው በሩን ከውስጥ ቆለፉ። እንግዳ ሲመጣ መሣሪያውን ነጥቀው አንገቱ ላይ የሚፈነዳ ማነቆ ያስሩለታል። ደህና! እነዚህ በዓለም ላይ የቀረውን ምርጥ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ግን መተንፈስ እያቃታቸው ነው። የአየር ማጣሪያው ተበላሽቷል፤ መለዋወጫው ያለው ውጭ፣ በሌሎች ሦስት ምሽጎች ውስጥ ነው። በመጨረሻ ማን ሄዶ እንዳመጣላቸው ታውቂያለሽ? ማነቆ ያሠሩለት ያ እንግዳ!

እዚያው ውስጥ ቬሮኒካ የምትባል ልጅ አለች። ምሽጉ ውስጥ ያደገች ጸሐፊ ናት፤ አስቤዛ ለማምጣት ወጣ ገባ ስለምትል ውጭ ያለውን ሕይወት አይታለች። ሰው እያረሰ፣ እየነገደ፣ እየተዋለደ ነው፤ የኛዎቹ ግን ቁጥራቸው እየመነመነ ነው። ካልተለወጥን እናልቃለን ብላ ትጨነቃለች። ልታሳምናቸው ከምትችልባቸው ነገሮች አንዱ ከአንድ የተተወ ምሽግ የሚገኝ የእህል ማሳደጊያ ጥናት ነው። አስቢው፣ ጠመንጃ አይደለም፣ እህል ነው! ሽማግሌው አይቶ፣ ሰምቶ፣ አይሆንም ይላታል። የሚያሳዝነው እሷ አትጠላቸውም፤ ቤተሰቦቿ ናቸው። እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ አንቺን ያየሁሽ በዚህች ልጅ ቦታ ነው።

ሁሉም እንደዚህ አልነበሩም። በ2008ቱ ፎልአውት 3 ላይ ላየንስ የሚባል ሽማግሌ ቴክኖሎጂ ሰብስብ ተብሎ ወደ ዋሽንግተን ይላካል። እዚያ ሲደርስ ሕዝቡ በጭራቅ ሲበላ ያያል፣ መሰብሰቡን ትቶ ሰው ማዳን ይጀምራል። አለቆቹ እርዳታ አቆሙበት፤ ከራሱም ሰዎች “ሥራችን ይሄ አይደለም” ብለው የተለዩ አሉ። ቢሆንም የአገሩ ሰው እየተቀላቀለለት ቆየ። እጮኛሽ ይህን ሁሉ ያውቃል። ተጫውቶ ጨርሶታል! ከታሪኩ የብረት ልብሱን ብቻ መርጦ ነው የያዘው።

እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣውን ተከታታይ ፊልም ደግሞ አብራችሁ ብታዩት ደስ ይለኛል። ማክሲመስ የሚባል ልጅ የናይቱን ትልቅ ሻንጣ ተሸክሞ ይከተላል። ይሰድበዋል፣ ያዋርደዋል። አውሬ ናይቱን ሲያቆስለው መድኃኒቱ ያለው በልጁ እጅ ነው። ልጁ ቆሞ ያያል። ናይቱ ሲሞት የብረት ልብሱን ራሱ ለበሰ። ፊት ለፊት ሱቅ የከፈተውን ያንን ልጅ አላውቀውም፣ ልፈርድበትም አልችልም፤ ግን እጮኛሽን አንድ ነገር ጠይቂልኝ፦ እያስተማረው ሳለ ምን ይከፍለው ነበር?

እንግዲህ ወደ ምክሩ። ጓደኞችሽ ንፉግ ነው ያሉትን አልቀበልም። የታክሲና የምሳ የሚሰጥ ሰው ፍጹም ንፉግ አይባልም፤ ይሄ ልጅ ፈርቷል። ፈሪን በጩኸት አታስከፍቺውም። ስለዚህ ጌሙን አትንኪበት፣ ያቺን ክፍልም ቆሻሻ ናት ብለሽ አታንቋሽሺ፤ ምናልባት እውነትም ሌላ ቦታ የማይገኝ ዕቃ አለባት። ይልቅ አንድ ማታ ቁጭ ብለሽ ስለ ሂድን ቫሊ አጫውተኝ በይው። እመኚኝ፣ ሁለት ሰዓት ያወራልሻል። የአየር ማጣሪያው ጋ ሲደርስ የወንድምሽን ነገር አንሺ።

ስታነሺ ግን ባዶ እጅሽን አትሁኚ። አጎትሽ ወይም አባትሽ ባሉበት በወረቀት የሚያርፍ ስምምነት ይደረግ። በየትኛው ወር ምን ያስተምረዋል? ከስንተኛው ወር ጀምሮ ስንት ይከፍለዋል? ወንድምሽ ደግሞ ከለመደ በኋላ ስንት ዓመት አብሮት ይሠራል? በዚያ ሠፈር ሱቅ አልከፍትም ብሎስ ይፈርማል? እጮኛሽ የሚፈራው ነገር መልስ ካገኘ ጀርባውን የሚያዞርበት ምክንያት አይኖረውም።

ወንድምሽን በተመለከተ ግን ዝም ብለሽ አትጠብቂ፤ አንድ ወር ይበቃል። በዚያ ወር ውስጥ ብየዳ ካልጨበጠ ሱቁን ይልቀቅ። የቴክኒክና ሙያ ትምህርት አለ፣ ሌላም ባለሙያ አለ። ሁለት ዓመት ሻይ ማመላለስ ሙያ አይሆነውም፤ ስለ አንቺ ትዳር ሲል የሱ ዕድሜ መያዣ መሆን የለበትም። ደግሞ ወንድሜ ስለወጣ እጮኛዬ ይቀየመኛል ብለሽ እንዳትፈሪ። ከተቀየመ አሁን ማወቁ ይሻልሻል።

የቀረው ክፍሏ ናት። ከሠርጉ በኋላ የምትገቢው እዚያው ቤት ከሆነ፣ የጥሪ ካርዱ ከመታተሙ በፊት አንድ ጊዜ ከፍቶ ያሳይሽ። ዕቃ አትንኪ፣ አትቁጠሪ፣ ገብተሽ እይና ውጪ። ሲከፍትልሽ ቢያፍር፣ ቢስቅ፣ ይህቺ የመጀመሪያ ስልኬ ናት እያለ ታሪክ ቢያወራሽ፣ ካርዱን አሳትሚ። “አንቺም አይመለከትሽም” ካለሽ ግን ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ መሆኑ ይቅር፤ ለመስከረም ይተላለፍ። ለምን ብለው ለሚጠይቁሽ ዘመዶች አዳራሽ አጣን በያቸው።

የሆነውን ጻፊልን።

ከቂርቆስ “ሚስቴ ስልኬን ትፈትሻለች” ብለህ የጻፍክልን ወንድማችን፣ ያንተ ተራ ለሚቀጥለው ሳምንት ተይዞልሃል።