ግድቡ ይበቃል፤ ጭንቀቱ የሰፈር ትራንስፎርመር ላይ ነው

መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ያሳወቀው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊትም የኤሌክትሪክ መኪና ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነጻ ተደርጎ፣ የጉምሩክ ቀረጡ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመው 5 በመቶ ሆኖ ነበር። ዛሬ መንግሥት የሚጠቅሰው የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ቁጥር ከ100 ሺህ አልፏል። ክርክሩ ግን አሁንም «መብራት በሚጠፋበት አገር እንዴት ይሆናል?» እና «ግድቡ አለልን» በሚሉ ሁለት አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች መካከል እየተመላለሰ ነው። ሁለቱም ዋናውን ነገር የሳቱ ይመስለናል።

ሒሳቡን እንሥራው። አንድ የቤት መኪና በዓመት 15 ሺህ ኪሎ ሜትር ቢሄድና በኪሎ ሜትር 0.18 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢፈጅ፣ ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነው ተጨምሮ 3 ሺህ ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። 100 ሺህ መኪና በዓመት 300 ጊጋ ዋት ሰዓት ማለት ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ሲኖረው፣ በዓመት ያመነጫል ተብሎ የሚጠበቀው ከ15 ሺህ ጊጋ ዋት ሰዓት በላይ ነው። የመኪኖቹ ድርሻ 2 በመቶ አይሞላም። «ግድቡ አለልን» የሚለው ሰው እስከዚህ ድረስ ልክ ነው።

ኃይል ግን የሚለካው በዓመት ብቻ አይደለም፤ በሰዓትም ነው። እነዚያው 100 ሺህ መኪኖች ምሽት 1 ሰዓት ላይ በ7 ኪሎ ዋት ቻርጀር በአንድ ጊዜ ቢሰኩ 700 ሜጋ ዋት ይጠይቃሉ። ወደ ሰፈር ስንወርድ ነገሩ ይበልጥ ይጠብባል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። ስለዚህ አንድ የቤት ቻርጀር ማለት ሁለት ምጣድ ለሰዓታት ሳይነቀል እንደ ተጣደ ነው። ረመዳን ላይ መግሪብ ሲቃረብ ምድጃው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲለኮስ የሰፈራችን መብራት ምን እንደሚሆን እናውቃለን። 200 ኪሎ ቮልት አምፔር የሆነ ትራንስፎርመር ሌላ ምንም ሳይሸከም እንኳ 28 እንዲህ ዓይነት ቻርጀር ይሞላዋል፤ እሱ ግን አስቀድሞ የመንደሩን ቤቶች፣ ወፍጮ ቤቱንና ብየዳ ቤቱን ተሸክሟል። ግድቡ ጉባ ላይ ሙሉ ሆኖ ሳለ መብራት ሰፈር ውስጥ የሚጠፋው እዚህ ነው።

መድኃኒቱ ደግሞ ከግድብ ይረክሳል። በቀን 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው 9 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ነው የሚፈጀው፤ ይህን በተራ የግድግዳ ሶኬት፣ በ2.2 ኪሎ ዋት፣ አምስት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ይተካዋል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ቢሰካው ጎረቤቱም አይሰማው። የሌሊቱን ታሪፍ አርክሶ የምሽቱን ማስወደድ ሰውን ወደዚያ ይገፋዋል። መንግሥት መኪናውን ለማስገባት የተጨነቀውን ያህል ለዚህ አለመጨነቁ ይገርመናል።

ለመኪናው ፍትሐዊ እንሁን። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስምና ይህ አይነካውም። ከእንጦጦ ሲወርድም ፍሬኑ ከሚያባክነው ኃይል የተወሰነውን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ለዚህች ከተማ አቀማመጥ የተሻለ ሞተር አናውቅም።

ጥያቄው ኪሳራው በማን ላይ ይወድቃል የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የባትሪ አማካይ የዓለም ዋጋ በኪሎ ዋት ሰዓት 115 ዶላር ገደማ ነበር፤ የ60 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ በአምራቾች ዋጋ እንኳ ወደ 7 ሺህ ዶላር ይጠጋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። መንግሥት የነዳጅ ዶላር ሲቆጥብ፣ ወደፊት ባትሪ በዶላር የመቀየሩ ዕዳ ግን ወደ ገዢው ዞሯል። ሶማሌ ተራ የኮሮላ ዕቃ በየዓይነቱ የሚገኘው የዓመታት ንግድ ስላለ ነው። የባትሪ ሴል የሚፈታ፣ የሚለካና የሚጠግን ባለሙያ እንዲህ በቀላሉ አይገኝም፤ ለቻይና ገበያ ተሠርቶ በነጋዴ በኩል ከመጣ መኪና ጋር ደግሞ የአምራቹ ዋስትና ብዙ ጊዜ አብሮ አይመጣም።

በሙራበሐ መኪና ለመግዛት የሚያስቡ ወንድምና እኅቶች ይህን ልብ ይበሉ። በውሉ ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ የገዛበትንና ትርፉን ነግሮ፣ በቁርጥ ዋጋ ይሸጣል፤ ክፍያው በመሐል አይጨምርም። ይህ ከምንዛሪው ንረት ይጠብቃል፤ ከባትሪው ድካም ግን አይጠብቅም። ያገለገለ መኪና ላይ ደግሞ ፊቅህ ሻጩን የሚያውቀውን ዐይብ እንዲናገር ያስገድደዋል፤ ገዢውም የተደበቀ ዐይብ ካገኘ የመመለስ መብት አለው። የኤሌክትሪክ መኪና ዐይብ ቦኔት ከፍቶ አይታይም፤ የባትሪው የቀረ አቅም በመሣሪያ ተነቦ በመቶኛ ውሉ ላይ ይጻፍ። ሻጩ ይህን ከጠላ ምክንያቱን ጠይቁት።

ሌላም አለ። ለነዳጅ ከሚወጣው ዶላር ትልቁ ድርሻ የናፍጣ ነው፤ ናፍጣውን የሚጨርሱት ደግሞ በዋናነት የጭነት መኪኖች እንጂ የቤት መኪኖች አይደሉም። ከባድ መኪና በኪሎ ሜትር 1.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢፈልግ፣ የጅቡቲን 900 ኪሎ ሜትር መንገድ በአንድ ሙሌት ለመሄድ ወደ 8 ቶን የሚመዝን ባትሪ መሸከም አለበት። ለዚሁ መንገድ የሚበቃው ናፍጣ ግን 300 ኪሎ ገደማ ነው። የተረፈው ሁሉ ከጭነቱ የሚቀነስ ነው።

ይሁንና በዚያው መስመር ባትሪ ሳይሸከም ከላይ ከሽቦ ኃይል እየሳበ የሚሄድ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ አገልግሎት ላይ አለ፤ የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር። አንድ ኮንቴይነር ከአስፋልት ወደ ሐዲዱ ባዞርን ቁጥር የምናድነው ናፍጣ አንድ የቤት መኪና በብዙ ወራት ከሚቆጥበው ቤንዚን ይበልጣል።