ቀላል ጥያቄ ለከባድ ሥራ
(አዲስ የሥራ ባልደረባን ስለ መተዋወቅ)

በሳይንስ ትምህርት ውስጥ ጥያቄ ከፍ ያለ ክብር አለው። ተማሪውም መምህሩም፣ ጀማሪውም አንጋፋው ተመራማሪም ጥሩ ጥያቄ የግማሽ መልስ ያህል እንደሚቆጠር ሲነገራቸው ያደጉ ናቸው። ይሁን እንጂ ስለ አቶምና ስለ ሕዋስ፣ ስለ ከዋክብትና ስለ አለት በብርቱ የምንጠይቅ ሰዎች፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አብሮን የሚሠራውን ሰው ምን እንደምንጠይቀው፣ እንዴትስ እንደምንጠይቀው እምብዛም ስናስብበት አንታይም። በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የፈለግነው ጉዳይ ይኸው ነው። ወደ አንድ ቤተ ሙከራ፣ መሥሪያ ቤት ወይም የጥናት ቡድን አዲስ ሰው ሲመጣ የሚቀርቡለት ቀለል ያሉና ፈገግ የሚያሰኙ የግል ጥያቄዎች ጥቅም አላቸውን? ካላቸውስ በምን ሁኔታ?

አንዳንድ አንባቢያን ይህ ለሳይንስ መጽሔት የሚሆን ጉዳይ አይደለም ይሉ ይሆናል። «በልጅነትህ ሞተህ ተገኝተህ አልበላም ያልከው ምግብ ምን ነበር?» ብሎ መጠየቅ የጨዋታ እንጂ የጥናት ርእስ አይመስልም። የእኛ አስተያየት ግን ከዚህ የተለየ ነው። እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች በአግባቡ ከቀረቡ፣ አዲሱ ሰው ነገ ሊያነሣው የሚገባውን ከባድ የሥራ ጥያቄ ያለ ፍርሃት እንዲያነሣ በር ይከፍታሉ። ያለ አግባብ ከቀረቡ ደግሞ ያንኑ በር ይዘጋሉ።

ዝምታ የሚያስከፍለው ዋጋ

ነገሩን በአንድ የታወቀ ምሳሌ እንመልከተው። አሲድ ሲቀጠን አሲዱ ቀስ እየተባለ ወደ ውኃው ይጨመራል እንጂ ውኃው ወደ አሲዱ አይጨመርም። ይህን ሕግ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያልተማረ የለም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የተከማቸ ሰልፈሪክ አሲድ ከውኃ ጋር ሲደባለቅ ብዙ ሙቀት ይወጣል፤ ከአሲዱ በላይ የተደፋው ጥቂት ውኃም ወዲያውኑ ፈልቶ አሲዱን ወደ ፊትና ወደ እጅ ሊረጨው ይችላል። አሁን ወደ አንድ ቤተ ሙከራ በገባ በሦስተኛው ቀን ቅደም ተከተሉ የተምታታበትን ወጣት እናስብ። የሚጎድለው እውቀት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ያንንም በአጠገቡ የቆመው ሰው በቅጽበት ሊነግረው ይችላል። ነገር ግን የአጠገቡን ሰው ከስሙ በቀር አያውቀውም፤ «ይህንን እንኳ ሳታውቅ ነው የመጣኸው?» እንዳይባልም ይፈራል። ስለዚህ ዝም ይላል። አደጋው ከእውቀት ማነስ ይልቅ ከዚህ ዝምታ ይመነጫል።

አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ኤሚ ኤድመንድሰን እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመችው ጥናት በሆስፒታል የነርሶች ቡድኖች ውስጥ የሚፈጠሩ የመድኃኒት አሰጣጥ ስሕተቶችን መርምራ ነበር። የሚጠበቀው መልካም ግንኙነትና መልካም አመራር ያለው ቡድን ጥቂት ስሕተት እንደሚኖረው ነው። የተገኘው ግን የተገላቢጦሽ ሆነ፤ በነዚህ ቡድኖች የተመዘገበው ስሕተት በዛ ብሎ ታየ። የተሰጠው ማብራሪያ እነዚህ ቡድኖች የበለጠ ተሳስተዋል የሚል ሳይሆን ስሕተታቸውን ሳይደብቁ ይነጋገሩበታል የሚል ነው። ተመራማሪዋ እ.ኤ.አ. በ1999 በአንድ ፋብሪካ የሚገኙ 51 የሥራ ቡድኖችን አጥንታ፣ አባላቱ «ብጠይቅ፣ ብሳሳት፣ ሐሳብ ብሰጥ አልዋረድም» ብለው የሚያምኑበት ቡድን ከሥራው የበለጠ እንደሚማር አሳይታለች። ይህ እምነት «ሥነ ልቡናዊ ደኅንነት» ይባላል።

ሌላም ማስረጃ አለ። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ለቀዶ ጥገና ክፍሎች 19 ነጥቦች ያሉት የማረጋገጫ ዝርዝር አወጣ። ከነጥቦቹ አንዱ ቢላው ቆዳን ከመንካቱ በፊት በክፍሉ ያሉት ሁሉ ስማቸውንና የሥራ ድርሻቸውን እየተናገሩ እንዲተዋወቁ ያዝዛል። ከታንዛኒያዋ ኢፋካራ እስከ ለንደንና ሲያትል በስምንት ከተሞች በሚገኙ ስምንት ሆስፒታሎች ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2009 ውጤቱ ሲታተም፣ ከቀዶ ጥገና ጋር የተያያዘው የሞት መጠን ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ዝቅ ማለቱ ታወቀ። በእርግጥ ይህ ለውጥ የመተዋወቁ ብቻ ውጤት ነው ማለት አይቻልም፤ ሌሎች 18 ነጥቦች አሉና። ሆኖም ዝርዝሩን ያዘጋጁት ባለሙያዎች ደቂቃ በምትቆጠርበት ክፍል ውስጥ ለስም ልውውጥ ቦታ መስጠታቸው ልብ ሊባል የሚገባው ነው። አንድ ጊዜ ድምፁን ያሰማ ሰው አደገኛ ነገር ሲያይ ድምፁን ደግሞ ለማሰማት ይቀለዋል ብለው ስላመኑ ነው።

ልጣጭ በልጣጭ

ከስም ቀጥሎ የሚመጣው ምንድን ነው? የሥነ ልቡና ሊቃውንቱ ኧርዊን አልትማንና ዳልማስ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት መጽሐፍ የሰዎችን መቀራረብ ከውጭ ወደ ውስጥ በደረጃ የሚሄድ ነገር አድርገው ገለጹት። ይህም አስተሳሰብ ብዙ ጊዜ በሽንኩርት ይመሰላል። ከላይ ያለው ልጣጭ ቀላል ነው፤ የሚወዱት ምግብ፣ የሚሰሙት ሙዚቃ ከዚያ ይገኛል። እምነት፣ ፍርሃትና ሐዘን በውስጠኛው ላይ ናቸው። ወደ ውስጥ በአንዴ ልግባ የሚል ሰው ሽንኩርቱንም ያበላሻል፣ ዓይኑንም ያስለቅሳል። የእኛም ሰው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም።

አርተር አሮንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ይፋ ያደረጉት ሙከራ ይህንን መቀራረብ በቤተ ሙከራ ውስጥ ለመፍጠር የተደረገ ነበር። የማይተዋወቁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ ለ45 ደቂቃ ያህል ጥያቄዎችን እየተፈራረቁ እንዲመልሱ ተደረገ። ለአንዱ ክፍል የተሰጡት 36 ጥያቄዎች ከቀላል ተነሥተው ደረጃ በደረጃ ወደ ጥልቅ የሚሄዱ ሲሆኑ፣ ለሌላው የተሰጡት ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ላይ ላዩን የሚሄዱ የወግ ጥያቄዎች ነበሩ። በመጨረሻም የመጀመሪያዎቹ ከሁለተኛዎቹ የበለጠ መቀራረብ እንደተሰማቸው ገለጹ።

ይህ ሙከራ ቀላል ጥያቄ ብቻውን ተአምር ይሠራል ለሚሉ ሰዎች ድጋፍ እንደማይሆን አንባቢ ያስተውል። እንዲያውም በወግ ብቻ የቀሩት ናቸው ዝቅ ያለ ውጤት ያገኙት። ተመራማሪዎቹም ቢሆኑ በ45 ደቂቃ የተፈጠረው ስሜት በዘመናት ከሚገነባ ወዳጅነት ጋር አንድ ነው አላሉም። እንግዲህ ቀላሉ ጥያቄ የደረጃው የመጀመሪያ እርከን ነው። በእርከኑ ላይ ቆሞ መቅረት ቤት አያስገባም፤ እርከኑን ዘልሎ ለመውጣት መሞከር ደግሞ ያሰብራል።

መፈራረቁም የራሱ ትርጉም አለው። ሱዛን ስፕሬቸርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2013 ባቀረቡት ጥናት፣ የማይተዋወቁ ሰዎች እየተፈራረቁ ስለ ራሳቸው ሲናገሩ፣ አንዱ ብቻ ተናግሮ ሌላው አድማጭ ከሆነበት ሁኔታ ይልቅ እርስ በርስ ተዋደዋል። አንዱ ጠያቂ፣ ሌላው ተጠያቂ ሆኖ የሚቀርበት ንግግር ምርመራ እንጂ ትውውቅ አይሆንም።

አዲስ ሰው ደግሞ ሌላ ሸክም አለበት። ኤሪካ ቡዝቢና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳሳተሙት ሰዎች ከማያውቁት ሰው ጋር ከተነጋገሩ በኋላ፣ ያ ሰው ምን ያህል እንደ ወደዳቸው ሲጠየቁ ከእውነቱ አሳንሰው ይገምታሉ። ይኸው የተዛባ ግምት አብረው በሚኖሩ የአንደኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ ለወራት ሲዘልቅ ታይቷል። በየማደሪያው «እነዚህ ልጆች አልወደዱኝም» እያለ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ለሚተኛ አዲስ ተማሪ ከዚህ የሚበልጥ የምሥራች ያለ አይመስለንም።

የትኛው ጥያቄ ነው ቀላል?

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን ኅብረተሰብ መመለስ ይኖርብናል። በሌላ አገር በተዘጋጀ ዝርዝር ውስጥ ቀላል የሆነ ጥያቄ በእኛ ዘንድ ከባድ ሊሆን ይችላል። «ዕረፍትህን የት ሄደህ አሳለፍክ?» የሚለው ለአንዱ ወግ ነው፤ ክረምቱን በእርሻ ወይም በቀን ሥራ ላሳለፈው ግን ኪሱን መፈተሽ ነው። «አላገባሽም እንዴ?» የሚለው ጠያቂው እየሣቀ ቢጠይቀውም ተጠያቂዋን ላያሥቃት ይችላል። የምግብ ጥያቄ እንኳ ሳይታሰብበት ከቀረበ ስለ ጾምና ስለ ሃይማኖት የሚጠይቅ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ከሁሉም በላይ ልናስብበት የሚገባው «አገርህ የት ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። ይህ ጥያቄ በቀደመው ልማዳችን የጋራ ዘመድና የጋራ ትዝታ መፈለጊያ ነበር፤ የወንዝ ልጅ ያገኘ እንግዳ ግማሽ ቤቱን አገኘ ይባል ነበር። አሁንም በቅን ልብ የሚጠይቁ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን የአንድ ሰው የትውልድ ስፍራ ወደዚህ ወይም ወደዚያ ወገን መመደቢያ ሊሆን በሚችልበት ጊዜ፣ ከማያውቀው ሰው በመጀመሪያው ቀን ሲቀርብለት አዲሱ ባልደረባ የተዋወቀ ሳይሆን የተመዘነ ሊመስለው ይችላል። ከልዩ ልዩ ክልል የመጡ ወጣቶች በአንድ ጣሪያ ሥር በሚማሩባቸውና በሚሠሩባቸው ተቋሞቻችን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሰውየው ትውልዱን መናገር ሲፈልግ ራሱ ይነግረናል፤ ያን ጊዜም ደስ ብሎን እንሰማለን።

ስለዚህ የጥያቄን ቅለት የምንለካበት መለኪያ ሣቅ ማስከተሉ ሳይሆን ለተጠያቂው የሚተውለት ነጻነት ይሁን እንላለን። መልሱን ሰውየው ራሱ የሚመርጠው ከሆነ፣ መልሱም ከአንድ ወገን የማይመድበው ከሆነ፣ ጠያቂውም ያንኑ ጥያቄ አስቀድሞ ለመመለስ ዝግጁ ከሆነ ጥያቄው ቀላል ነው። «ልጅ ሳለህ ስታድግ ምን እሆናለሁ ትል ነበር?»፣ «ከቤታችሁ ዕቃ ፈታትተሽ መልሰሽ መግጠም ያቃተሽ የትኛው ነው?»፣ «ጨርሶ አልገባህ ብሎ ያስቸገረህ ትምህርት ምን ነበር?» የሚሉት ለዚህ ጥሩ ምሳሌዎች ናቸው። የተበላሸ ሬዲዮ ታሪክ የሌለው የሳይንስ ተማሪ ካለ እስኪ ይምጣ! የመጨረሻው ጥያቄ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። የክፍሉ አንጋፋ «እኔን ያስቸገረኝ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ነው» ብሎ ከጀመረ፣ አለማወቅ በዚህ ቤት እንደማያስነውር ያለ ስብከት ተናገረ ማለት ነው።

አንጋፋው ይጀምር ማለታችንም ያለ ምክንያት አይደለም። ቋንቋችን ራሱ «አንተ»፣ «አንቺ» እና «እርስዎ» እያለ በሰዎች መካከል ርቀትን ይሠፍራል። ትናንት የተቀጠረ ወጣት የክፍሉን ኃላፊ በልጅነታቸው ምን ዕቃ እንዳበላሹ ደፍሮ ሊጠይቅ አይችልም፤ ቢጠይቅም እንደ ድፍረት ሊቆጠርበት ይችላል። ስለሆነም በሩን የመክፈት ኃላፊነት የሚወድቀው ቁልፉ በእጁ ባለው ሰው ላይ ነው።

ያለመመለስ መብትም ሊከበር ይገባል። በእንቆቅልሽ ጨዋታችን መልሱ የጠፋበት ሰው «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ ሳይወድም አገር ይሰጣል። በሥራ ቦታ ትውውቅ ግን «ይህንን ልለፈው» ያለ ሰው ምንም ሊከፍል አይገባም። ዝምተኛ ሰው በዝምታው ሊወደድ ይችላል። በስብሰባ መካከል አቁሞ ከማናገርም በሻይ ሰዓት ሁለት ሆኖ መጨዋወት ይሻለዋል።

ሥራው ራሱ አያስተዋውቅም ወይ?

«ሰው የሚተዋወቀው በሥራ ነው፤ ጨዋታው ጊዜ ማባከን ነው» የሚል ተቃውሞ ይቀርባል። ተቃውሞው እውነትነት አለው። አንድን ሰው በደንብ የምናውቀው የምርምሩ ውጤት አልሳካ ሲል፣ መሣሪያው ሲበላሽ፣ የማስረከቢያው ቀን ሲደርስ በሚያሳየው ጠባይ ነው። ይሁን እንጂ ያ ፈተና እስኪመጣ ድረስ ብዙ ቀናት ያልፋሉ፤ በነዚያ ቀናት ውስጥ ደግሞ አዲሱ ሰው መጠየቅን ወይም ዝም ማለትን ይለምዳል። የለመደውን ዝምታ በኋላ ማስተው ከባድ ነው። በሻይ ሰዓት የሚባክነው አምስት ደቂቃ ያልተጠየቀ ጥያቄ ከሚያስከትለው የተበላሸ ናሙና ወይም የተቃጠለ እጅ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

በሌላ በኩል በጨዋታ የተጀመረው ትውውቅ በሥራ ካልተደገፈ ከንቱ ይሆናል። ጠዋት ስለ ሬዲዮው አብሮ የሣቀ አለቃ ከሰዓት በኋላ የጠየቀውን ወጣት በሰው ፊት ቢያዋርደው፣ የጠዋቱ ሣቅ ወጥመድ ሆኖ ይታወሳል። ቀላሉ ጥያቄ የገባው ቃል አለ፤ ቃሉም «እዚህ ብትናገር ትሰማለህ» የሚል ነው። ቃሉን የሚያጸናው ከባዱ ጥያቄ ሲመጣ የሚሰጠው መልስ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ምክር የሥራ ዓለም እስኪደርስ የሚቆይ አይደለም። በሚቀጥለው የቤተ ሙከራ ክፍለ ጊዜ ከማታውቁት ተማሪ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ትመደቡ ይሆናል። ቢከሩን ከማንሣታችሁ በፊት ስማችሁን ንገሩ፤ አንድ ቀላል ጥያቄ አስቀድማችሁ ለራሳችሁ መልሱና ከዚያ ጠይቁ። መልሱንም ከልብ አድምጡ። ምናልባት ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያ ተማሪ «ቆይ! የሚቀድመው የትኛው ነው?» ብሎ እጃችሁን ይይዛችሁ ይሆናል።