ስለ ወሊድ መከላከያ ክኒን ለአንዲት እኅት የተሰጠ መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አንዱን ለብቻው ለይተን ልናቀርበው ወደናል። ጸሐፊዋ በጦር ሰፈራችን የምትኖር የአንድ አሥር አለቃ ባለቤትና የሦስት ልጆች እናት ናት። ስሟ እንዳይገለጽ ስለ ጠየቀች አልገለጽነውም። ባለቤቷ በጠረፍ ግዳጅ ላይ ስለሚገኝ በዓመት ውስጥ የሚገናኙት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። እርሱ በፈቃድ በሚመጣበት ሰሞን ክኒን ትጀምራለች፤ ሲመለስም «ባሌ በሌለበት ምን ያደርግልኛል» ብላ ታቆማለች። ክኒኑን የምታገኘው ከጎረቤቷ ነው። በመጨረሻው ጊዜ፣ በጀመረች በሦስተኛው ሳምንት፣ የግራ ባቷ አብጦ ይጠዘጥዛት ጀመር። ብርድ ነው ተብሎ ቅቤ ተቀብታ ሁለት ቀን ታሸች። በሦስተኛው ቀን ደረቷን ወግቶ ትንፋሽ ሲያጥራት በወታደር መኪና ሆስፒታል ደረሰች፤ ሐኪሞችም ሳንባዋ ውስጥ የረጋ ደም አገኙ። ዛሬ በመዳን ላይ ነች። ጥያቄዋ አጭር ነው፤ «ክኒኑ መርዝ ነውን? ጎረቤቴ ስድስት ዓመት ስትወስደው ምንም ያልነካት እኔን ለምን እንዲህ አደረገኝ?»

መርዝስ አይደለም። መድኃኒት ግን ነው፤ መድኃኒት ደግሞ እንደ ወንፊት ከጎረቤት የሚዋሱት ዕቃ አይደለም። የተለመደው ክኒን ኤስትሮጅንና ፕሮጀስትሮጅን የተባሉ ሁለት ሆርሞኖችን ይዟል። እነዚህ እንቁላል በየወሩ እንዳይወጣ ያግዳሉ፤ የማኅፀን በር ፈሳሽንም በማወፈር የወንዱ ዘር እንዳያልፍ ያደርጋሉ። ችግሩ ኤስትሮጅን ሥራውን በዚያ አካባቢ ብቻ የማይወስን መሆኑ ነው። በደም ተዘዋውሮ ጉበት ሲደርስ፣ ደምን የሚያረጉ ንጥረ ነገሮች እንዲበዙ ያደርጋል። በአብዛኞቹ ሴቶች ዘንድ ይህ ሳይታወቅ ያልፋል። በጥቂቶቹ ግን በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም ይረጋል፤ የረጋው ደም ተገንጥሎ ወደ ሳንባ ከሄደ ሊገድል ይችላል።

ይህ ነገር አዲስ ግኝት አይደለም። ክኒኑ እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካ ሲፈቀድ በአንዱ ፍሬ ውስጥ የነበረው ኤስትሮጅን 150 ማይክሮግራም ነበር፤ ዛሬ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 35 ማይክሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ሴናተር ጌይሎርድ ኔልሰን በአሜሪካ ሴኔት ስለ ክኒኑ ጉዳት ምስክር ሲያሰሙ፣ ክኒኑን የወሰደች አንዲትም ሴት እንድትናገር ባለመጠራቷ ሴቶች ከአዳራሹ ተነሥተው ጮኹ። አደጋውን የሚገልጽ ጽሑፍ ለተጠቃሚዋ መሰጠት የጀመረው ከዚያ ክርክር በኋላ ነው። እንግዲህ ከማሸጊያው ውስጥ አውጥተን የምንጥላት ያቺ ቀጭን ወረቀት በጩኸት የተገኘች ናት።

የአደጋውን መጠን ሳናጋንን እንናገር። ክኒን ከማይወስዱና ካልፀነሱ 10,000 ሴቶች መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ ደም የሚረጋባቸው 2 ያህል ናቸው። ሌቮኖርጀስትሬል ያለበትን የተለመደ ክኒን ከሚወስዱት መካከል ከ5 እስከ 7 ይደርሳሉ። በእርግዝና ጊዜና ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት አደጋው ከዚህም ይበልጣል። ስለዚህ ክኒኑን ፈርቶ ያልታሰበ እርግዝና ውስጥ መግባት ከአደጋው ማምለጥ አይደለም።

ይሁን እንጂ የወታደር ሚስቶችን በተለይ የሚመለከት አንድ ነገር አለ። አደጋው ከፍ የሚለው ክኒኑ በተጀመረባቸው የመጀመሪያ ወራት ነው። አራት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ተቋርጦ እንደገና ሲጀመርም እንዲሁ ከፍ ይላል። ጎረቤቷ ስድስት ዓመት ሳታቋርጥ ስትወስድ ያንን ክፉ ወቅት ያለፈችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እኅታችን ግን በባሏ ፈቃድ ቁጥር ልክ ስትመላለስበት ኖራለች። ልፋቷም ከንቱ ነበር። ክኒን የወር አበባ በመጣ በአምስት ቀን ውስጥ ካልተጀመረ፣ ሰባት ቀን ተከታትሎ እስኪወሰድ ድረስ እርግዝናን ይከላከላል ተብሎ አይታመንበትምና። አሥር አለቃው ቅዳሜ ማታ ሲደርስ ቅዳሜ ማታ የተዋጠ ክኒን ምን ሊፈይድ ነው?

ስለ መታሸቱም አንድ ቃል ሳንናገር አናልፍም። አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከጋለና ከታመመ፣ ቅቤም ወጌሻም አይቅረበው። የታሸ ደም ሥር የረጋውን ደም ወደ ሳንባ ሊሰድደው ይችላል። ክኒን የምትወስድ ሴት ደረቷን ቢወጋት፣ ትንፋሽ ቢያጥራት፣ ደም ብታስል፣ ድንገተኛ ብርቱ ራስ ምታት ቢይዛት፣ ዓይኗ ቢጋረድ ወይም አንድ ጎኗ ቢዝል ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ትሂድ፤ ክኒን እንደምትወስድም ትናገር። ይህን ከባል ወይም ከአማት ደብቀው የሚወስዱ ብዙዎች ናቸውና፣ ከሐኪምም እንዳይደብቁ እንለምናቸዋለን።

ከመጀመሪያው የደም ግፊት ሊለካ ይገባል። የደም ግፊት ያለባት፣ ከ35 ዓመት በላይ ሆና ሲጋራ የምታጨስ፣ ከዚህ ቀደም ደም የረጋባት፣ ራስ ምታቷ ከመጀመሩ በፊት በዓይኗ ብልጭታ የሚታያት፣ የጡት ካንሰር ወይም ከባድ የጉበት በሽታ ያለባት ሴት ይህን ክኒን ትታ ሌላ ዘዴ ትጠይቅ። ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን የምታጠባ እናትም ኤስትሮጅን የሌለበት ክኒን ሊሰጣት ይችላል። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን የክኒኑን ኃይል ስለሚያዳክም፣ ሕክምናው ላይ ያለች ሴት በክኒኑ ብቻ አትተማመን።

ማቅለሽለሽ፣ የጡት ሕመም፣ ቀላል ራስ ምታት፣ በወር አበባ መካከል ጠብ የሚል ደም ብዙ ሴቶችን ቢያስደነግጡም አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ወር ውስጥ ያልፋሉ። ክኒኑን ከእራት በኋላ መውሰድ ማቅለሽለሹን ይቀንሳል። «ማኅፀን ያደርቃል» የሚባለው ሐሰት ነው። ካንሰርን በተመለከተ መልሱ ሁለት መልክ አለው፤ የእንቁላል ዕጢና የማኅፀን ግድግዳ ካንሰርን ይቀንሳል፣ የጡትን ግን በሚወስዱበት ዘመን በጥቂቱ ከፍ ያደርጋል፤ ከአምስት ዓመት በላይ ሲወሰድም የማኅፀን በር ካንሰር ዕድል ይጨምራል።

ባሎችም አንድ ነገር አድምጡን። ፈቃዳችሁ ሲወሰን ቀኑን አስቀድማችሁ ለቤታችሁ አሳውቁ። ኮንዶም የማንንም ደም አያረጋም፤ ክኒን የማይከላከለውን ኤች አይ ቪንም ይከላከላል።

ለጠያቂያችን የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። ኤስትሮጅን ያለበትን ክኒን ከእንግዲህ አትውሰድ፤ የታዘዘላትን የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ያለ ሐኪም ፈቃድ አታቋርጥ። ሆርሞን ስለሌለበት የመዳብ ሉፕም ሐኪሟን ትጠይቅ፤ ባል ቢመጣም ባይመጣም ለዓመታት ይሠራል። ለደግነቷ የምናመሰግናት ያቺ ጎረቤትም የደም ግፊቷን ከተለካች ስንት ጊዜ እንደሆናት ትጠይቅልን።