ቁልፉ በማን ኪስ ነው?

አለቃ የሚፈተነው ከወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሳለ ሳይሆን ከወንበሩ ሲነሣ ነው። እርሱ ባለበት ቀን ሥራው ቢካሄድ የሚያስገርም ነገር የለውም። የሚያስመሰግነው ታሞ ቢተኛ፣ ለስብሰባ ቢጠራ ወይም የዓመት ፈቃድ ቢወጣ ሥራው ሳይጓደል መቀጠሉ ነው። ስለዚህ በዛሬው ገጻችን ሥልጣንን ከበታች ሠራተኞች ጋራ ስለ መካፈል እንነጋገራለን።

ነገሩን አስቀድመን በባለጉዳዩ ዓይን እንየው። አንድ የቀን ሠራተኛ ለአንድ ማስረጃ ወረቀት ማልዶ ይነሣል እንበል። ያን ቀን ሥራ ስላልገባ የቀን ዋጋውን ትቷል። የታክሲ ከፍሎ፣ ተሰልፎ፣ ተራው ሲደርስ ጸሐፊዋ «ኃላፊው ስብሰባ ሄደዋል፤ ማኅተሙም እሳቸው መሳቢያ ውስጥ ተቈልፎበታል፤ ነገ ይመለሱ» ትለዋለች። መዝገቡ ተመርምሯል፤ ወረቀቱም ተጽፏል፤ የቀረው አንድ ፊርማና አንድ ማኅተም ብቻ ነው። ሰውየው በማግሥቱ ሌላ የቀን ዋጋ ያጣል።

እዚህ ላይ ጸሐፊዋ አላጠፋችም። ኃላፊውም ስብሰባ መሄዱ ሥራው ነውና አይነቀፍም። የሚነቀፈው ከመሄዱ በፊት «እኔ በሌለሁ ጊዜ ይህን እገሌ ይፈርም» ብሎ ጽፎ አለመተዉ ነው። በቀን አሥር ባለጉዳይ እንዲህ ቢመለስ አሥር የሥራ ቀን ከድኻው ኪስ ተወሰደ ማለት ነው። ይህ ኪሳራ ግን በማንኛውም መሥሪያ ቤት የሒሳብ መዝገብ ላይ ስለማይጻፍ የሚቆጣጠረው የለም።

ስለ አመራር ለመማር ሁልጊዜ የውጭ አገር መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግም። ፉሪን እንውሰድ። ፉሪ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ በፉሪ ተራራ አካባቢ የሚገኝ፣ ቀድሞ እርሻ የነበረው መሬት ዛሬ ቤት የሞላበት ቦታ ነው። በሰበታ ሥር ሲቆጠር ቆይቶ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲቋቋም የሸገር አንድ ክፍለ ከተማ ሆኗል። እንዲህ ባለ አዲስ ሰፈር ከልዩ ልዩ ቦታ የመጡ ሰዎች ጎረቤት ይሆናሉ። ቤት የሠራ ሰው አጥሩን ከማጠሩ ጋራ ዕድርም ይፈልጋል፤ ዕድር የሌለው ሰው በክፉ ቀን ብቻውን ነውና።

የዕድር ዳኛ ወይም ሰብሳቢ ደመወዝ የለውም፤ የሚያስፈራ ማዕርግም የለውም። ቢሆንም ሌሊት ከአባላቱ የአንዱ ቤት ሐዘን ቢገባ፣ «ሰብሳቢው ክፍለ አገር ሄደዋልና ለቀስተኛው ነገ ይመለስ» የሚል ዕድርተኛ ተሰምቶ አይታወቅም። መልእክቱን የሚያደርሰው፣ ጡሩምባ ነፊም ቢሆን ስልክ ደዋይ፣ ሥራውን ያውቃል። ንብረት ያዡ ድንኳኑንና አግዳሚውን ያወጣል። ገንዘብ ያዡ ለሐዘንተኛው ቤት የሚሰጠው ገንዘብ ስንት እንደ ሆነ ከመተዳደሪያ ደንቡ ያውቀዋል። ሰብሳቢው ከመንገድ ሲመለስ የሚጠብቀው ሪፖርት ብቻ ነው።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ ቢባል ምክንያቱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ሥራው አስቀድሞ ለየሰው ተከፋፍሏል። ሁለተኛ፣ የእያንዳንዱ ሰው ሥልጣን እስከምን ድረስ እንደ ሆነ በደንብ ተጽፏል። ሦስተኛ፣ አባላቱ ሁሉ ማን ምን እንደሚሠራ ያውቃሉና «ይህን ለማድረግ ማን ፈቀደልህ?» የሚል ክርክር አይነሣም። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ይህንኑ ነው።

ሁለተኛውን ምሳሌ ለማግኘት ከዚያው ከፉሪ መራቅ አያስፈልገንም። ከሰበታ ተነሥቶ በአዳማና በድሬዳዋ በኩል እስከ ጅቡቲ የሚዘልቀው 752 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ዋና የመንገደኛ ጣቢያው ፉሪ–ለቡ ነው። መስመሩ በ2009 ዓ.ም. መስከረም ወር ተመረቀ፤ መደበኛ ሥራውን የጀመረው ግን በ2010 ዓ.ም. ነው። የሠሩት የቻይና ኩባንያዎች ባቡሩን የማንቀሳቀሱንና የመጠገኑን ሥራ ለስድስት ዓመት ያህል በውል ያዙ። በነዚያ ዓመታት ኢትዮጵያውያንና ጅቡቲያውያን ሠራተኞች ከቻይናውያኑ ጎን እየሠሩ ሙያውን ተማሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ወርም ሥራውን ተረከቡ።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። የመጀመሪያው፣ ርክክብ የአንድ ቀን ሥነ ሥርዓት አለመሆኑ ነው። የሚረከበው ሰው ሥራውን ሲረከብ ካልሆነ በቀር አስቀድሞ ካላየው፣ የተሰጠው ቁልፍ እንጂ ሥራ አይደለም። ሁለተኛው፣ ጽሑፍ ያለውን ኃይል ማየታችን ነው። ከአዳማ ወዲያ ያለው ሐዲድ ነጠላ ነው። በነጠላ ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡሮች ፊት ለፊት እንዳይገናኙ አንዱ ቆሞ ሌላውን ማሳለፍ አለበት። ማን ቆሞ ማን እንደሚያልፍ ለመወሰን የድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ በየጊዜው ከእንቅልፉ አይቀሰቀስም። ደንቡ ተጽፏል፤ ትእዛዙን የሚሰጠው ሰው ታውቋል፤ ነጂውም ምልክቱን ማንበብ ተምሯል። ሥራ አስኪያጁ ቢኖርም ባይኖርም ባቡሩ የሚሄደው በዚህ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድም የሄደበት መንገድ ይኸው ነበር። አየር መንገዱ እ.ኤ.አ. በ1945 ሲቋቋም አስተዳዳሪዎቹም አብራሪዎቹም ከአሜሪካው ቲ.ደብልዩ.ኤ. ኩባንያ የመጡ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የአውሮፕላን አዛዥ ሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነው ተሾሙ። ከመቋቋሙ እስከዚህ ሹመት ድረስ 26 ዓመት አለፈ። ሰውን ለኃላፊነት ማብቃት ጊዜ የሚፈልግ ሥራ ስለ ሆነ፣ አለቃው ሊወጣ ሲል ሳይሆን ገና ሲገባ ሊጀምረው ይገባል።

ታዲያ ጥቅሙ ይህን ያህል ከሆነ አለቆች ቁልፉን ለምን ይይዙታል? ሁሉም በትዕቢት ነው ማለት ሐሜት ይሆናል። ብዙዎቹ የሚፈሩት ተጠያቂነትን ነው። የበታቹ ቢሳሳት ኦዲተር የሚጠይቀው እኔን ነው ይላሉ፤ ፍርሃታቸውም መሠረት አለው። ሌሎቹ «ለሌላ ሰው ከማስረዳት እኔው ብሠራው ይቀላል» ይላሉ፤ ለዛሬ እውነታቸውን ነው፤ ለዓመቱ ግን ተሳስተዋል። ጥቂቶች ደግሞ የሚተካኝ ሰው ከተገኘ ወንበሬን አጣለሁ ብለው ይሠጋሉ። ነገር ግን የሚተካው ያልተገኘለት ሰው ብዙ ጊዜ ከዚያው ወንበር ሳይነቃነቅ ይቀራል፤ «እርሱ ከዚያ ከተነሣ ክፍሉ ይፈርሳል» እየተባለ ዕድገቱ ይታለፋል።

እንግዲህ አንድ ክፍል ወይም አምስት ሠራተኛ የተሰጠው ወጣት ኃላፊ ምን ያድርግ? የሚከተለውን ቢሞክር ይጠቀማል።

አንደኛ፤ ለአንድ ሳምንት ወደ ጠረጴዛው የመጣውን ጉዳይ ሁሉ በደብተር ይመዝግብ። በሳምንቱ መጨረሻም በሦስት ይክፈለው፤ ሕግ ወይም መመሪያ ለእርሱ ብቻ የሰጠውን፣ ሌላ ሰው ሠርቶ ሊያስታውቀው የሚችለውን፣ ሌላ ሰው ሠርቶ በወር ሪፖርት ላይ ብቻ ሊገልጸው የሚችለውን። የመጀመሪያው ክፍል ካሰበው ያነሰ፣ ሦስተኛው ደግሞ ካሰበው የበዛ ሆኖ ያገኘዋል።

ሁለተኛ፤ ሥራውን ሲሰጥ ከነሥልጣኑ ይስጥ። «ደብዳቤዎቹን አንተ ተከታተል» ብሎ ፊርማውን መከልከል ሸክም ማብዛት እንጂ ሥልጣን ማካፈል አይደለም። የውክልናው ደብዳቤ የትኞቹን ወረቀቶች እንደሚፈርም፣ እስከ ስንት ብር እንደሚያዝ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚቆይ በግልጽ ይናገር። ግልባጩም ለመዝገብ ቤትና ለሒሳብ ክፍል ይድረስ፤ አለዚያ ተወካዩ የፈረመውን ሒሳብ ሹሙ ይመልሰዋል፤ ባለጉዳዩም ዳግመኛ ይንገላታል።

ሦስተኛ፤ በሦስት እርምጃ ያስተምር። መጀመሪያ ሠራተኛው እያየ አለቃው ይሥራ፤ ቀጥሎ አለቃው እያየ ሠራተኛው ይሥራ፤ በመጨረሻ ሠራተኛው ብቻውን ሠርቶ አለቃው ውጤቱን ብቻ ይመልከት። መካከለኛውን እርምጃ የሚዘል አለቃ ብዙ ነው፤ ስሕተት የሚበዛውም ከዚያ የተነሣ ነው።

አራተኛ፤ ሠራተኛው በመጀመሪያ ጊዜ ሲሳሳት ሥራውን አይንጠቀው። ስሕተትና እምነት ማጉደል ልዩ ልዩ ናቸው። ያጎደለ ሰው እንደ ሕጉ ይጠየቃል፤ የተሳሳተን ሰው ግን «ምን አይተህ እንዲህ ወሰንህ?» ብሎ መጠየቅና ማረም ይገባል። በሰው ፊት የተዋረደ ሠራተኛ ከዚያ በኋላ ሁሉን ነገር ለአለቃው ማቅረብ ይጀምራል፤ ሥራውም ወደ ቀድሞው ጠረጴዛ ተመልሶ ይከመራል።

አምስተኛ፤ በገንዘብና በንብረት በኩል አንድን ሰው ብቻውን አይተው። የሚያዘው፣ የሚከፍለውና የሚመዘግበው ሰው ለየቅል ይሁን። ብዙ ዕድሮች ገንዘብ ከባንክ የሚያወጡት ከአንድ በላይ በሆነ ፊርማ መሆኑ እርስ በርስ ስለማይተማመኑ አይደለም፤ መተማመናቸውን ለመጠበቅ ነው። ዛሬ የኮምፒዩተር የይለፍ ቃልም ቁልፍ ነው። የራስን የይለፍ ቃል ለሌላ ሰው በጆሮው ሹክ ማለት ውክልና አይባልም፤ ተወካዩ በስሙ የራሱ ቃል ሊሰጠው ይገባል። ያን ጊዜ ማን ምን እንደ ሠራ ይታወቃል።

ስድስተኛ፤ ራሱን ይፈትን። አንድ ቀን ፈቃድ ይውጣና ስልክ ሳይደውል ይዋል። ሲመለስ ማን ሰነፈ ብሎ ሳይሆን ምን ቆመ ብሎ ይጠይቅ። የቆመው ነገር ሁሉ ገና ያላስተማረው ወይም ጽፎ ያልሰጠው ሥራ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። ሥራና ፊርማ ይካፈላሉ፤ ተጠያቂነት ግን ከአለቃው ትከሻ አይወርድም። «እኔ አላውቅም፤ የሠራው እርሱ ነው» የሚል አለቃ ሥልጣን አላካፈለም፤ ጥፋት አከፋፍሏል። ሥራው ሲያምር የሠራተኛውን ስም የሚጠራ፣ ሲበላሽ ግን ራሱ ፊት የሚቆም አለቃ የበታቾቹ በድፍረት ይሠሩለታል።

ገና አለቃ ያልሆናችሁ፣ በመዝገብ ቤት ወይም በጀማሪ ሠራተኛነት የምታገለግሉና ከትምህርት ቤት የምትወጡ ወጣቶችም «ይህ እኛን አይመለከትም» አትበሉ። ሥልጣን የሚሰጠው ለተዘጋጀ ሰው ነው። ወደ አለቃችሁ «ምን ላድርግ?» ብላችሁ አትግቡ፤ ጉዳዩን መርምራችሁ፣ ደንቡን አንብባችሁ፣ «እንዲህ ብናደርግ ይሻላል ብዬ ደብዳቤውን አርቅቄዋለሁ» ብላችሁ ግቡ። የተሰጣችሁን ሳትጠየቁ ሪፖርት አድርጉ። ያልተሰጣችሁን ግን በራሳችሁ አትውሰዱ። አሥር ረቂቅ ሳያርም የፈረመ አለቃ በአሥራ አንደኛው «አንተው ፈርመው» ለማለት ይቀለዋል። ቁልፉን አሳልፎ መስጠት የሚፈራውን አለቃ ከክርክር ይልቅ የሚያሳምነው ይህ ነው።

በሚመጣው ሰኞ የሰዎች ኃላፊ የሆናችሁ ሁሉ ከቢሮ ከመውጣታችሁ በፊት መሳቢያችሁን ከፍታችሁ ተመልከቱ። ነገ ባትመጡ ባለጉዳይ ሊያስመልስ የሚችል ማኅተም፣ ቁልፍ ወይም ያልተፈረመ ወረቀት ካለ፣ ማን እንደሚረከበው በአንድ ገጽ ጻፉና ግልባጩን አድርሱ። ሥራው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ማክሰኞ ጠዋት በሩ ላይ የሚቆመው የቀን ሠራተኛ ስማችሁን ላያውቀው ይችላል፤ ወረቀቱን ይዞ ወደ ሥራው በጊዜ ይመለሳል።