ጨርቁ ከልጁ ይቅደም

«ሳይወለድ አይገዛም!»

ይህን ቃል ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። እርጉዝ ባለችበት ቤት ሁሉ ይነገራል። ተናጋሪዋ አንዳንዴ እናት፣ አንዳንዴ አማት፣ አንዳንዴም ቡና ልትጠጣ ብቅ ያለች ጎረቤት ናት። ምክንያት አይጠየቅበትም፤ ይግባኝም የለውም። ለሕፃን አስቀድሞ መግዛት ሟርት ነው፤ ዓይን መጥራት ነው፤ በእግዜር ሥራ መግባት ነው። በቦሌና ከቦሌ ወደ ምሥራቅ ባሉት ሰፈሮች፣ በገርጂ፣ በሲኤምሲ፣ በሰሚት፣ በአያት፣ ሊፍት ባለው ፎቅ ላይ ሆነን እንኳ ቃሉን እንደ ወረደ እናከብረዋለን።

በዚህ ጽሑፍ የምሟገተው ከዚሁ ቃል ጋር ነው። ሙግቴም በአንዲት ተራ ዕቃ ላይ ነው፤ በሽንት ጨርቅ። አልጋው፣ ጋሪው፣ ኮፍያውና ጫማው ከልጁ በኋላ ቢመጡ ግድ የለኝም። የሽንት ጨርቅ ግን ከልጁ መቅደም አለበት እላለሁ፤ ቢያንስ በአንድ ወር፣ ቢቻል በሁለት።

ስለ ሽንት ጨርቅ በሥነ ጽሑፍ ገጽ ላይ መጻፌ ፈገግ የሚያሰኘው አንባቢ ይኖራል። ፈገግ ይበል። ቋንቋችን ግን ጨርቅን እንዲህ አይንቀውም። መንገደኛ ስንሸኝ «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ» ብለን እንመርቃለን። ሳያመነታ ብድግ ያለውን ሰው «ጨርቄን ማቄን ሳይል ተነሣ» እንለዋለን። አእምሮውን የሳተውን «ጨርቁን ጣለ» እንላለን። በአንደበታችን ጨርቅ ልስላሴ ነው፤ ንብረት ነው፤ ሰው መሆንም ነው። ታዲያ ከመንገደኞች ሁሉ ታናሹ፣ ከእናቱ ማሕፀን የሚመጣው እንግዳ፣ ስለ ምን ጨርቅ የሌለበት ቤት ይቀበለዋል?

አስቀድሜ ለቃሉ ባለቤቶች የሚገባቸውን ክብር ልስጥ። «ሳይወለድ አይገዛም» የሞኝ ቃል አይደለም፤ ያዘነ ሰው ቃል ነው። ምትኩ፣ ተካልኝ፣ ካሳ፣ ማስረሻ የሚባሉ ስሞቻችንን ልብ በሉ። ከእነዚህ ስሞች ጀርባ ብዙ ጊዜ ስሙ የማይነሣ ሌላ ልጅ አለ። አያቶቻችን ወልደው የሚቀብሩ ሰዎች ነበሩ። እነርሱን ትተን ወደ ቅርቡ ዘመን እንኳ ብንመጣ፣ በ1992 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 97ቱ አንደኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ እንደሚሞቱ፣ ከእነዚህም 49ኙ አንድ ወር እንኳ እንደማይሞላቸው አሳይቶ ነበር። ከአሥር ሕፃናት አንዱ ማለት ነው። እንዲህ ባለ አገር የምትኖር እናት ተስፋዋን ከሰው ዓይን ብትሸሽግ፣ ደስታዋን በግልጽ ለመናገር ብትፈራ፣ ማን ይፈርድባታል? በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ቍጥሩ ከ1,000 ወደ 48 ወርዷል፤ በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት ወደ 29 ዝቅ ብለዋል። ሞት ከአራስ ቤት ደጃፍ ጨርሶ አልሄደም፤ እርምጃው ግን ቀንሷል። ሞት ሲቀንስ ፍርሃታችን ለምን እንዳልቀነሰ አንድ ጊዜ ቆም ብሎ መጠየቅ ይገባል።

እኔም ጠየቅሁ። በሰፈራችን አምስት ልጆች ወልደው ያሳደጉ አንዲት ባልቴት አሉ። የቃሉ ጠበቃ ናቸው፤ የሕፃን ኮፍያ አስቀድማ የገዛችን ሴት ሲገሥጹ ሰምቻለሁ። «እማማ፣ እርስዎ ሲወልዱ የሽንት ጨርቁን መቼ ገዙት?» አልኋቸው። ሣቁብኝ።

«ምን ይገዛል ልጄ! ነጠላዬ አልነበረም ወይ? የአባታቸው ጋቢስ?»

ሙግቴ በሙሉ በዚህች መልስ ውስጥ ይገኛል። እማማ አልገዙም፤ ነበራቸው እንጂ። ሳጥናቸው ውስጥ በእጅ የተፈተለ፣ ሸማኔ የሠራው፣ ለዓመታት ተለብሶና ታጥቦ ታጥቦ የለሰለሰ ነጠላ ነበር። የጥጥ ልብስ ባረጀ ቍጥር ውኃ መጠጣት ያውቅበታል፤ የሕፃን ገላም አይፍቅም። ተቀድዶ፣ ተቀምቅሞ፣ ታጥፎ ለሕፃኑ ይሆናል። ጋቢው ይታቀፍበታል፤ ሲዝል ደግሞ አንቀልባው አለ። እንግዲህ የጥንቱ ቃል «አትግዢ» አለ እንጂ «አይኑርሽ» አላለም። ማንም ሴት ባዶ ሳጥን ይዛ ምጥ አልጠበቀችም። ክልከላው ዋጋ የማያስከፍል ክልከላ ነበር፤ የተከለከለው ዕቃ ቀድሞውኑ በቤት ውስጥ አለና።

ዛሬ የእኛን ቁም ሣጥን ክፈቱት። ጂንስ ሱሪ፣ የስፖርት ቱታ፣ ናይለን፣ ፖሊስተር። የበዓል ቀሚሳችን ሳይቀር ሠራሽ ክር ገብቶበታል፤ ቢቀደድም ለሽንት ጨርቅ አይሆንም፤ ውኃ አይጠጣምና። የአያቶቻችንን ቃል ጠበቅን፤ ቃሉን ያለ ጉዳት እንዲጠበቅ ያደርገው የነበረውን ሳጥን ግን አራቆትነው። የቀረን ክልከላው ብቻ ነው። ባህል ማለት ግን ቃሉም ሳጥኑም አንድ ላይ ነው። ሳጥኑን ጥሎ ቃሉን የሚሸከም ሰው ባህል ጠበቅሁ ቢል ራሱን ያታልላል።

ውጤቱን በየሰፈራችን እናየዋለን። ሴትዮዋ ትወልዳለች፤ ባልዮው ከሐኪም ቤት ወጥቶ ከፋርማሲ ፋርማሲ ይሮጣል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአባት የሚሰጠው የወሊድ ፈቃድ 3 ተከታታይ ቀን ነው። ሦስቱን ቀን በመገናኛና በመርካቶ መካከል ታክሲ ሲጠብቅ ይጨርሰዋል። ያው አዋጅ ግን ለእናቲቱ ከወሊድ በኋላ ከሚሰጣት 90 ቀን ሌላ ከወሊድ በፊት 30 ቀን ፈቅዶላታል። ሕግ አውጪው እንኳ ልጅ ከመምጣቱ በፊት ዝግጅትና ዕረፍት እንደሚያስፈልግ ተረድቷል፤ እኛ ግን ያንን ወር እጃችንን አጣምረን እንድናሳልፈው እንመከራለን።

«ምን ችግር አለው፣ በተወለደ ማግስት ይገዛላ!» የሚል ሰው ጨርቅ አጥቦ አያውቅም። አዲስ አቡጀዲ ከሱቅ እንደ ወጣ ለሕፃን አይታሰርም። ማጠንከሪያ አለበት፤ ጥጡም ከተፈጥሮው ሰም መሰል ቅባት አለው፤ ውኃውን አንከባሎ ይጥለዋል እንጂ አይመጠውም። በሙቅ ውኃና በሳሙና አራት አምስት ጊዜ መታጠብ፣ ፀሐይ ላይ መሰጣት፣ እንደገና መታጠብ አለበት። አያቶቻችን በነጠላቸው ላይ በዓመታት ያደረጉትን እኛ በሳምንታት ማድረግ ይጠበቅብናል። በተወለደ ማግስት የተገዛ ጨርቅ ሳይለሰልስ ይታሰራል፤ ያፈሳል፤ የልጁን ጭን ያቀላል፤ በሳምንቱ «ጨርቅማ አይሆንም» ተብሎ ጥግ ይወረወራል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

በዚህ ላይ የሰፈራችን ውኃ አለ። ለገዳዲ ከለገጣፎ ማዶ፣ በእኛው አቅጣጫ ነው፤ ቧንቧችን ግን በፈረቃ ይኖራል። ሒሳቡ ቀላል ነው። አራስ ልጅ በቀን አሥር ጊዜ ያህል ይቀየርለታል። ውኃ በሦስት ቀን አንዴ በሚመጣበት ሕንፃ ሠላሳ ጨርቅ ያስፈልጋል ማለት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ የታጠበው በረንዳ ላይ ሁለት ቀን ተሰጥቶ እርጥበቱ አይለቅም፤ ቍጥሩ ከዚያም ይበልጣል። ስለዚህ «መቼ ይገዛ?» የሚለውን ጥያቄ የሚመልሰው ሟርት ፈሪ ሳይሆን ሰማዩና ቧንቧው ነው። ልጁ በክረምት የሚወለድ ከሆነ ጨርቁ የግንቦት ፀሐይ ሊያገኘው ይገባል። ለታኅሣሥ ልጅ ብዙ አያስቸኩልም፤ ያም ቢሆን ውኃ ሲመጣ ሳፋና በርሜል ሞልቶ የሚያጥብ እጅ የሚገኘው ከወሊድ በፊት ነው። ከወሊድ በኋላ ያ እጅ ልጅ ታቅፏል።

ዳይፐር አለ ይባላል። አለ፤ እኔም ጠላቱ አይደለሁም። ለሌሊት፣ ለመንገድ፣ ለሕመም ቀን ይጠቅማል። ነገር ግን አስቦ የመረጠው ሰው ሌላ ነው፤ ጨርቅ ስላላዘጋጀ የወደቀበት ሰው ሌላ ነው። በኪሱ በየሳምንቱ ይከፍላል፤ ከተማውም ይከፍላል። ከቦሌ በላስቲክ አስረን የምናወጣው ቆሻሻ ተኖ አይጠፋም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲቀበሩ፣ ከሞቱት መካከል ሕፃናት ነበሩ። የእኛ ቤት ጥራጊ የሌላ እናት ልጅ አጠገብ እንደሚከመር ከዚያ ቀን ወዲህ አላውቅም ማለት አይቻልም።

አሁን ወደ ዓይኑና ወደ ሟርቱ ልመለስ። ቦሌ ውስጥ ቤቢ ሻወር የሚባል ድግስ ለምዷል። አዳራሽ ይያዛል፤ ፊኛ ይነፋል፤ ኬክ ይቆረሳል፤ ፎቶው በስልክ አገር ያዳርሳል። ይህን ሁሉ የሚያይ ክፉ ዓይን አልፈራንም። ሠላሳ ቁራጭ ነጭ ጨርቅ በጓዳ ታጥፎ ሲቀመጥ ግን ፈራን። ሌሎች ደግሞ ዕቃውን ይገዙና እስኪወለድ እኅታቸው ቤት ያስቀምጡታል። ይህስ መልካም ነው፤ ጨርቁ ከታጠበ የት ቢቀመጥ አልጣላም። ግን ክፉው ዓይን ከገርጂ እስከ አያት ያለውን መንገድ ያን ያህል አያውቀውምን?

ከሁሉ የሚገርመኝ ዕድራችን ነው። ለሞታችን በየወሩ እንከፍላለን። ድንኳኑ ተጠቅልሎ፣ ወንበሩ ተደራርቦ፣ ድስቱ ተደፍቶ ሬሳችንን ይጠብቃል። ማንም «ሳይሞት አይገዛም» ብሎ አያውቅም። ዕድር የሌለውን ሰው እንዲያውም እንደ ግድየለሽ እናየዋለን። ለሞት ተዘጋጅቶ መጠበቅ ብልኅነት፣ ለልደት ተዘጋጅቶ መጠበቅ ሟርት የሆነው በየትኛው ሚዛን ነው?

ሃይማኖት ነው የሚለኝ ካለ የሉቃስን ወንጌል ምዕራፍ 2 ይክፈት። እመቤታችን በቤተ ልሔም ማደሪያ አጥታለች፤ ልጇን ያስተኛችው በግርግም ነው። ከማስተኛቷ በፊት ግን በጨርቅ ጠቅልላዋለች። መንገደኛ ነበረች፤ ቤትም አልጋም አልነበራትም። ጨርቅ ግን አላጣችም። ሥዕሉን በየቤታችን ሰቅለን፣ ልደቱን በየዓመቱ እያከበርን፣ ያ ጨርቅ ከየት መጣ ብለን አለመጠየቃችን ይደንቀኛል።

ከባዱ ተቃውሞ ግን ይህ ሁሉ አይደለም። «ልጁ ቢሞትስ? እናቲቱ ባዶ እጇን ተመልሳ የታጠፈውን ጨርቅ ስታይ ምን ትሆናለች?» የሚለው ነው። ይህን የሚጠይቀኝን ሰው አልሣቅበትም። ጨርቁ ማቅ ይሆናል ብሎ መፍራት እውነተኛ ፍርሃት ነው። መልሴ ግን ይህ ነው፦ ባዶ ጓዳ ኀዘን አያቀልም። ልጇን ያጣች እናት ዘጠኝ ወር የተሸከመችው ልጅ እንደ ነበረ ለማወቅ ጨርቅ ማየት አያስፈልጋትም፤ ጡቷ ወተት ይዞ ይነግራታል። ክርስትና ሳይነሣ ለሞተ ሕፃን ብዙ ጊዜ ድንኳን አይተከልም፤ «ሌላ ይሰጥሻል» ተብላ ትታለፋለች። ያ ልጅ ተጠብቆ እንደ ነበር የሚመሰክርላት ነገር ቢኖር የታጠፈው ጨርቅ ነው። ልጇ ያልተጠበቀ እንግዳ አልነበረም፤ ቤት ተሰናድቶለት ነበር። ይህ ምስክርነት ያማል፤ ግን ከመረሳት አይከፋም። ደግሞም ለሚሞተው ስንፈራ፣ በሕይወት የሚመጡት እጅግ የሚበልጡት ሕፃናት ባልለሰለሰ ጨርቅና በተደናገጠ ቤት ይቀበሏት ዘንድ በዓለም ላይ ፈርደንባቸዋል።

ስለዚህ እንዲህ እላለሁ። በሰባተኛው ወር ይገዛ፤ በስምንተኛው ይታጠብ፤ በዘጠነኛው ታጥፎ ይቀመጥ። የሚያጥበው አባትየው ይሁን፤ ለሦስት ቀን ፈቃዱ ሌላ ሥራ ይኖረዋል፤ ልጁን ማየት። አያቶችም በክልከላ ፈንታ ጨርቅ መርጠው ያምጡልን፤ ጥጥን ከናይለን በጣት ዳስሶ የመለየት ችሎታ የቀረው በእነርሱ ዘንድ ነው። ያረጀ የፈትል ነጠላ ያላት ደግሞ አትጣለው። ነገ ለልጅ ልጇ ይሆናል፤ ይህም ያለ ምንም ግዢ።

በየፎቁ ቀን ለምትቆጥሩ ነፍሰ ጡሮች ሁሉ፦ ማርያም በሽልም ታውጣችሁ፤ አላህ በሰላም ያገላግላችሁ። ጨርቁን ግን ዛሬ አስጡት፤ ፀሐይ አለ።